ተራዋን ለልጅ ልጇ ስለሰጠች አንዲት ታካሚ፣ ለጤና ጣቢያችን ኃላፊ

ለተከበሩ የሰፈራችን ጤና ጣቢያ ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎ፣ ባለቤትዎና ልጆችዎ እንደምን ሰንብታችኋል? ጤናችሁ የተሟላ፣ እንቅልፋችሁ የሰላም፣ ትንፋሻችሁም ያልተቆራረጠ እንዲሆን ከልቤ እመኛለሁ። ይህን የምለው ለደብዳቤ ወግ ብቻ አይደለም። ከቤተሰብዎ መካከል አሥራ አምስት ዓመት ሞልቶት አሥራ ስምንት ያልደረሰ ልጅ ካለ፣ ፈጽሞ መታመም እንደሌለበት በራሴ ቤት ስላረጋገጥኩ ነው።

እኔ ከጤና ጣቢያው አጥር ማዶ ባለችው የቆርቆሮ ሱቅ ውስጥ ልብስ የምሰፋ ሴት ነኝ። ከእናቴና ከአንዲት ልጄ ጋር እኖር ነበር፤ አሁን የምኖረው ከልጄ ጋር ነው። የሠራተኞችዎን ጋውን ሳጠብብና ቁልፉን ስተክል ኖሬአለሁና፣ እርስዎ ባያውቁኝም የትከሻዎን ስፋት እኔ በልቤ አውቀዋለሁ። ጊዜዎን ላለማባከን ወደ ምስጋናዬ ልግባ።

አንደኛ፦ ከጥቂት ወራት በፊት አገልግሎቱን በዕድሜ ስለከፋፈሉልን አመሰግናለሁ። በመግቢያው ላይ ባስለጠፉት ማስታወቂያ መሠረት አሥራ አምስት ዓመት ያልሞላቸው ልጆች በክፍል ሁለት፣ ከአሥራ ስምንት እስከ ስልሳ ያሉ አዋቂዎች በክፍል አምስት፣ ከዚያ በላይ ያሉ አረጋውያን በክፍል ሰባት ይታከማሉ። በመካከል የቀሩትን ሦስት ዓመታት በተመለከተ “ወደፊት በሚወጣ መመሪያ ይወሰናል” ይላል። ድንገተኛ ክፍሉ ለእድሳት ስለተዘጋም፣ በድንገት የታመመ ሁሉ በየዕድሜው ክፍል እንዲስተናገድ ታዟል። ማስታወቂያው መስታወት ገብቶለት፣ ዙሪያው ሰማያዊ ቀለም ተቀብቶ ሲታይ እውነትም ያምራል። እናቴ ቆማ እስከ መጨረሻው አነበበችውና “እነዚህ የመሃል ልጆች የት ሊወድቁ ነው?” አለችኝ። “ረስተውት ይሆናል፣ ያስተካክሉታል” አልኳት። ለእርስዎ ጠበቃ ሆኜ የቆምኩበት የመጀመሪያውም የመጨረሻውም ቀን ያ ነው።

ሁለተኛ፦ ሠራተኞችዎ ለመመሪያ ስላላቸው ታማኝነት አመሰግናለሁ። ልጄ ከሕፃንነቷ ጀምሮ አስም አለባት። አሥራ አምስት ዓመት ከሞላት ገና ሁለት ወሯ ነበር፤ በአፏ የምትስበው መድኃኒት ያለቀባት ደግሞ ከልደቷ በኋላ ስለሆነ ክፍል ሁለት አላድስላትም ብሏት ነበር። አንድ ማክሰኞ ጠዋት ትምህርት ቤት ስትሄድ መንገድ ላይ ደረቷ ተዘጋ። የክፍል ጓደኛዋ እየሮጠች መጥታ ጠራችኝ፤ ደግፌ ጤና ጣቢያ አደረስኳት። በክፍል ሁለት ተረኛ የነበረችው ካርዷን ገልጣ “ይቺ እኮ ከእኛ ወጥታለች፤ አምስት ውሰጃት” አለችኝ። ክፍል አምስት ያለው ባለሙያ ደግሞ ያንኑ ካርድ አገላብጦ “አልደረሰችም እኮ፣ እህቴ። እኔ ፈርሜ ባክማት ነገ የምጠየቀው እኔው ነኝ” አለ። ሁለቱም ትሑት ነበሩ፣ ድምፃቸውን እንኳ ከፍ አላደረጉም። ሁለቱም ያዩት ግን ካርዷን ነው እንጂ እሷን አይደለም። በሁለቱ ክፍሎች መካከል ያለው ኮሪደር ሠላሳ አራት እርምጃ ነው፤ ልጄ ስትመለስበት ሦስት ቦታ ተቀመጠች።

ሦስተኛ፦ ቢሮዎ ለሕዝብ ክፍት በመሆኑ አመሰግናለሁ። ጸሐፊዎ፣ እርስዎ ስብሰባ ላይ ሆነው ታካሚን ያማከለ አገልግሎት ስለመስጠት እየተወያዩ እንደሆነ ነገረችኝ፤ ርዕሱን ስሰማ ትንሽ ተስፋ እንዳደረብኝ አልደብቅዎትም። “ጥሩልኝ፣ ልጄ መተንፈስ አቅቷታል” ስላት ደነገጠች፤ ከመቀመጫዋም ብድግ አለች። ከዚያ የስብሰባውን በር አየች፤ መልሳ ተቀመጠች። “ማመልከቻ ጽፈሽ ብታስገቢ ይሻላል” ብላ ወረቀትና እስክሪብቶ ሰጠችኝ። እኔም ጻፍኩ። ክቡር ሆይ፣ ሰው ምን ያህል ታዛዥ ፍጡር እንደሆነ ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው። ልጄ ወለሉ ላይ ግድግዳ ተደግፋ፣ ከንፈሯ እየጠቆረ፣ እኔ “ጉዳዩ፦ ሕክምና እንዲፈቀድ ስለመጠየቅ” ብዬ ከሥሩ አሰመርኩበት። መስመሩ እንዳይጣመምብኝ እንኳ ተጠንቅቄ ነበር። እስከ ዛሬ መቀስ በያዝኩ ቁጥር ያቺ መስመር ትታየኛለች።

አራተኛ፦ እዚህ ላይ የማመሰግነው እርስዎን አይደለምና ይቅርታ ያድርጉልኝ። በዚያው ጠዋት እናቴ የደም ግፊት ክኒኗን ልትቀበል ክፍል ሰባት በር ላይ ተራ ይዛ ተቀምጣ ነበር። ስልሳ ስምንት ዓመቷ ነበር። ሃያ ስድስት ዓመት የትምህርት ቤት ደወል ስትደውል የኖረች ሴት ስለሆነች ቀጠሮዋ ከሆነ ከጥበቃው እኩል ነው የምትደርሰው። የልጅ ልጇን የትንፋሽ ፉጨት ከኮሪደሩ ጫፍ ሆና ለየችው። መጥታ በላዬ ላይ ቆመችና “አንቺ፣ ምን ትጽፊያለሽ?” አለችኝ፤ እስክሪብቶውን ከእጄ ነጥቃ ወረወረችው። ልጄን በብብቷ አቅፋ አነሳቻትና ተራ የተጠራላት እሷ ስለነበረች ቀጥ ብላ ክፍል ሰባት ገባች። የክፍሉ ሲስተር ግራ ተጋብታ “እማማ፣ ተራው እኮ የእርስዎ ነው” አለቻት። እናቴም “አውቃለሁ፣ ለእሷ ሰጥቻታለሁ። እኔ እደርሳለሁ፤ ቀን ሞልቷል” አለች።

ሲስተሯ ዕድሜ አልጠየቀችም። በሩን ዘጋች፣ ልጄን አልጋው ላይ ቀና አድርጋ አስቀመጠች፣ የኦክስጅኑን ጭንብል አፏና አፍንጫዋ ላይ አደረገችላት፣ መድኃኒቱን ጨመረችበት። “ቀስ በይ፣ የእኔ እናት፣ ቀስ በይ፣ እኔ አለሁ” ትላት ነበር። ሩብ ሰዓት ያህል አለፈ። ከዚያ የልጄ ከንፈር ቀላ፤ ጭንብሉን በጣቷ ከፍ አድርጋ “እማዬ” አለችኝ። ልጄ ዛሬ በሕይወት ያለችው በጤና ጣቢያዎ ውስጥ ሥርዓት የጣሰ አንድ ሰው ስለተገኘ ነው።

አምስተኛ፦ የተጣሰውን ሥርዓት ፈጥነው ስላስከበሩ አመሰግናለሁ። መዝገቡ እናቴ በዕለቱ እንደታከመች ስለሚያሳይ ክኒኗን ከለከሏት፤ የሚቀጥለው ተራዋ ከሁለት ሳምንት በኋላ ሆነ። በማግስቱ ሲስተሯ የአረጋዊት ተራ ለታዳጊ ሰጥታ ተገኘች ተብላ ወደ ዕቃ ክፍል ተዛወረች፤ አሁን ጓንትና ፋሻ ትቆጥራለች። የእናቴም ካርድ “ለማጣሪያ” ተብሎ በእርስዎ ቢሮ ተቆለፈበት። የመድኃኒት ማዘዣዋ እዚያው ካርድ ውስጥ ስለነበር ውጭ ያሉት መድኃኒት ቤቶች ያለ ማዘዣ አንሸጥም አሉን፤ አልፈርድባቸውም። እናቴ ካርዷን ፍለጋ ሦስት ጊዜ ተመላለሰች። ሦስቱንም ጊዜ “ማጣሪያው አላለቀም፣ እማማ” ተብላ በትሕትና ተሸኘች።

የግል ክሊኒክ ልውሰድሽ ስላት “ሁለት ሳምንት ምን አላት? ክኒኑም ከእኔ ትንሽ ይረፍ” ብላ ሳቀች። እኔም አልተከራከርኳትም። የደንብ ልብስ ሥራ ተደራርቦብኝ ነበር። ይህን ጥፋት በእርስዎ ላይ አልጭንም፤ የራሴ ነው፣ ተሸክሜዋለሁ።

በአሥራ አንደኛው ቀን ጠዋት ፊቷን ታጥባ ፎጣውን ልትሰቅል ስትል ከእጇ ወደቀባት። ልታነሳው ጎንበስ አለች፤ በዚያው ወድቃ ቀረች። አንድ ነገር ልትነግረኝ ደጋግማ ሞከረች፣ አፏ ግን ወደ ጎን ሄዶ ነበርና ቃሉ አልወጣላትም። ምን ልትለኝ እንደነበር እስከ አሁን አላወቅኩም። ጎረቤት ጠርቼ በወንበር አድርገን በርዎ ድረስ አመጣናት፤ ጥበቃዎ ከነወንበሯ ተሸክሞ አስገባት። እውነት ለመናገር ያን ቀን ሁሉም ሮጠላት፤ ካርድ የጠየቀ አልነበረም። ወደ ትልቁ ሆስፒታል ተላከች፤ በሦስተኛው ቀን አረፈች። እዚያ ያለው ሐኪም “ክኒኗን አቋርጣ ነበር እንዴ?” ብሎ ጠየቀኝ። “አላቋረጠችም፤ አቋረጡባት” አልኩት።

ስድስተኛውን በምስጋና መልክ ልጽፈው ሞክሬ አቃተኝ። ከቀብሩ በኋላ አንድ ቀን የጨርቅ መለኪያ ልወስድ ወደ ቤት ስገባ ልጄን አፏን በትራስ አፍና፣ ሳሏን እየዋጠች አገኘኋት። ለምን አልነገርሽኝም ብዬ ተቆጣኋት። “የአያቴን ተራ ወስጄ እሷ ሞተች” አለችኝ። “አሁን ደግሞ የማንን ልውሰድ?” እኔ የሌለኝን መልስ እርስዎ እንደማያጡት ስለማምን፣ ጥያቄዋን እንዳለ አቀርብልዎታለሁ።

የምለምንዎት ብዙ አይደለም። ሲስተሯን ወደ አልጋውና ወደ ኦክስጅኑ ይመልሱልን፤ ፋሻ የሚቆጥር ሰው አይጠፋም። በማስታወቂያዎ ላይ የጎደሉትን ሦስት ዓመታት ይጻፉልን፤ አንድ መስመር ነው፣ መስታወቱን ለማንሳት ሰው ካጠረ እኔ መጥቼ እፈታዋለሁ። ማጣሪያው አልቆ ከሆነም የእናቴን ካርድ ይመልሱልኝ። በመጨረሻው ገጽ ላይ ሲስተሯ በእጇ “ትንፋሿ ተመልሷል” ብላ የጻፈችው አለ፤ ልጄ እንድታነበው እፈልጋለሁ።

ለሥርዓት ያለዎት ፍቅር እንዳይቀዘቅዝ፣ ስብሰባዎ እንዳይቋረጥ፣ ተራ የሚባል ነገርም በሕይወትዎ ሙሉ እንዳይገጥምዎት እየተመኘሁ፣ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እሰናበትዎታለሁ።

አክባሪዎ፣
ከአጥሩ ማዶ ያለችው ልብስ ሰፊ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ሲስተሯ ይህን ደብዳቤ መጻፌን አታውቅም፤ እባክዎ ሌላ ቅጣት እንዳይደርቡባት። በዚህም ጉዳይ የሚቀጣ ሰው የግድ ካስፈለገ እኔ ከሱቄ የትም አልሄድም። ዕድሜዬ አርባ ሁለት ነው፤ በየትኛው ክፍል እንደምጠራ ለመወሰን ወደፊት የሚወጣ መመሪያ መጠበቅ አያስፈልግዎትም።