ኮሽሙ ውስጥ የምትዘምረው

ሰኞ፣ ጥቅምት 3፣ ጠዋት
ወፏ እሾሃሙ የኮሽም አጥር ውስጥ ናት። ሁለት አጭር ፉጨት፣ አንድ ረጅም፣ ከዚያ የሚንቆረቆር። ሆዷ ቢጫ፣ ጀርባዋ አመድማ። ጎጆዋ ውስጥ ጫጩቶች አሉ። ልጄ ዳዊት ድምፅዋን በስልኩ ሲቀዳ ምራቴ ሰላም በሩን ጓ አደረገችው። "በሩን ቀስ!" አልኩ። ዳዊት ሳቀ፤ "እማዬ፣ ወፏንም እንደ ልጅ ልታስተኚያት ነው?"
ዳዊት ኮሽሙን ነቅሎ በብሎኬት ሊያጥር ነው። ጫጩቶቹ እስኪበሩ ይቆይ አልኩት። ቃል ገባ። ነገ ለዓይኔ ቀዶ ጥገና አዲስ አበባ እወርዳለሁ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8
እህቴ ዘንድ ቡራዩ ሰንብቼ ትናንት ማታ ሱሉልታ ቤቴ ገባሁ። አንድ ዓይኔ ታሽጓል፤ ሌላውም ከድሮ ጀምሮ ደካማ ነው። መስመር ከሳትኩ ታገሠኝ፣ ማስታወሻዬ። ዳዊት አቧራ አለ፣ ጓሮ አትውጪ አለኝ። ታዘዝኩ። ዛሬ ጠዋት ዘመረች። አሁንም አለች። ተመስገን።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11
ዜማዋ አልጣመኝም። በየጠዋቱ ያው ልክ፣ ያው ማረፊያ። ዝናብ ሲጥል ዝም ትል የነበረች ወፍ ዛሬ በዶፍ ዘመረች። ሰላምን ጠየቅኳት። "እርስዎን ናፍቃ ነዋ፣ እማማ" አለች። ቶሎ ብላ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12
ዳዊት ሚኒባስ እንዳያመልጠው ቸኩሎ ነበር። ወፏ ጀመረች። ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም። ከዚያ በር ጓ አለ። ከዚያ የአሮጊት ድምፅ፦ "በሩን ቀስ!"
እኔ አፌን አልከፈትኩም።

ከሰዓት
ሁለቱም ሥራ ናቸው። ግድግዳ እየዳሰስኩ ጓሮ ወጣሁ። እጄን ወደ ኮሽሙ ዘረጋሁ። ብሎኬት። ጎረቤታችን ኦቦ ገመቹ ከማዶ ሰላም አሉኝ፤ ግንቡ አማረላችሁ አሉ። ስለ ጫጩቶቹ ጠየቅኩ። ወደ ግንቡ ቀረብ ብለው መለሱልኝ።
"ኮሽሙ ከነጎጆው የተነቀለው እርስዎ ሐኪም ቤት በሄዱ ማግስት ነው። እናቲቱ እየጮኸች ስትዞር ሰነበተች። ዳዊት አልነገረዎትም እንዴ?"

ማታ
ዳዊት ግንባሬን ሳመ። ወፍሽ ዘመረች ወይ አለኝ። ዘምራለች አልኩ። ነቅሎ ቢነግረኝ ተቆጥቼ ይወጣልኝ ነበር። እሱ ግን በየጠዋቱ መስኮቴ ሥር ስልኩን ከፍቶ እየቆመ፣ በደስታዬ ፈገግ እያለ። ያሳደግኩት እኔ ነኝ።
ነገ እኔም መስኮቱን ከፍቼ እጠብቀዋለሁ። ስልኩን ሲከፍት፣ ቶሎ ቢዘጋውም፣ የቀረውን እኔ እሞላለሁ፦ በሩን ቀስ። ከዚያ የሚለውን ልስማ።