ማዕዘኑ ልክ የሆነ ሽንት ቤት

ሐሙስ፣ ጁን 6
ዝናብ። ምሳ የጎመን ሾርባ... እንደገና። ከሰዓት ሴሚናር ላይ ስሌቴን ላቀርብ ቆምኩ። ሁለተኛው መስመር ላይ አማካሪዬ ኢኖኬንቲ ልቮቪች ብድግ አሉ። «ግሌብ፣ ስህተት ነው!» ኮታቸውን አንጠልጥለው ወጡ። አንድም ቀን እስከ መጨረሻው ሰምተውኝ አያውቁም። እሳቸው ካልፈቀዱ ደግሞ መመረቂያ ጽሑፌን ማቅረብ የለም። ስህተቱ የቱ ጋ ነው? የለም እኮ!

ቅዳሜ፣ ጁን 8
የገጠር ቤታቸው ጠሩኝ። ስለ ጽሑፌ መስሎኝ እየከነፍኩ ሄድኩ... ለካ ሽንት ቤት እንድሠራላቸው ነው! ንድፉን ሣሉልኝ። ቁጥር የሚባል ነገር የለበትም።
«ስፋቱ ስንት ይሁን?»
«ምኑን ነው ያስተማርኩህ? አሳድገው፣ አሳንሰው፣ ለውጥ የለውም። ማዕዘኑን ብቻ ጠብቅ!»
እውነታቸውን ነው። ብረት ግሎ ማግኔትነቱን ሊያጣ አፋፍ ላይ ሲደርስ ከቅርብም ከሩቅም እዩት፣ መልኩ ያው ነው። የእኛ የፊዚክስ ሰዎች እንጀራ እሱ ነው። ስፋቱን ባገኘሁት ሳንቃ ወሰንኩ።

እሑድ፣ ጁን 9
ጨረስኩ። አራቱም ማዕዘን ልክክ! በሩ በንድፉ መሠረት ወደ ውስጥ ይከፈታል። ባለቤታቸው አግላያ ፔትሮቭና ዞር ዞር ብለው አዩት።
«ግሌብዬ፣ ለድመቷ ነው?»
ቅር አለኝ።

ቅዳሜ፣ ጁን 15
በሳቅ ልሞት ነው።
ኢኖኬንቲ ልቮቪች ሊመርቁት ገቡ። ሆዳቸውን ስበው በሩን እንዴት እንደዘጉት እግዜር ይወቀው። ሊከፍቱት ሲሉ ግን... በሩ ሆዳቸው ላይ ቆመ።
«ግሌብ! ክፈት!»
«ወደ ውስጥ ነው የሚከፈተው፣ እርስዎ ደግሞ ውስጥ ነዎት።»
አግላያ ፔትሮቭና መጋዝ ሊዋሱ ጎረቤት ሄዱ። ሻይ ሳይጠጡ አይመለሱም። ሰይጣን ሹክ አለኝ... ጉሮሮዬን ጠረግኩ።
«እንግዲህ፣ ሁለተኛው መስመር ላይ ነበርን።»
«አሁን?! አብደሃል?!»
ቀጠልኩ። የት አባታቸው ሊሄዱ? ሦስተኛው ላይ ሰደቡኝ። አምስተኛው ላይ ሳንቃውን ደበደቡ። ከዚያ ዝም... ታፈኑ እንዴ? ፈራሁ።
«ያንን ድገመው» አለ ቀጭን ድምፅ ከውስጥ። ደገምኩት። «እንዴ! ከዚያስ? ከዚያስ?»
አግላያ ፔትሮቭና መጋዙን ይዘው ከች አሉ።
«አንቺ፣ እንዳትነኪው! ገና አልጨረሰም!»
እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ደስታዬ ወደር የለውም! በሩ ተቆርጦ ሲወጡ ፀጉራቸው ሰጋቱራ በሰጋቱራ ነው።
«በሴፕቴምበር ታቀርባለህ» አሉኝ። «መጀመሪያ ግን ይሄን ጉድ አፍርስልኝ።»