ሰኞ የመነጠርነው ኮረብታ

ሰኞ፣ ሐምሌ መግቢያ

ተመነጠረ! ሲዘንብ ዋለ፤ ሰዉ ግን በአንድ ለአምስቱ ቡድን እየተጠራ ወጣ። እኔ፣ የወረዳው የደን ባለሙያ፣ ጃንጥላ ይዤ የዛፍ መምረጫ ዝርዝሬን ሳነብላቸው ነበር። ቶሎ የሚያድግ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በብዛት የሚመጥጥ፣ ችግኙ ቡሬ ላይ የሚገኝ። የሚተከለው ግራቪሊያ ነው፣ አለቀ።

አያ ሙላት የሚባሉ አዛውንት ገበሬ፣ «ልጄ፣ ካርቦን ያልሽው ያ ደረሰኝ መሐል የሚገባው ጥቁር ወረቀት ነው?» አሉ። ሰዉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ መጥፎ አየር ነው አልኋቸው። ቀጥለው «ይሄ ቁጥቋጦስ?» ሲሉ «እሱ አይረባም፤ ይመንጠር» አልሁ።

ማክሰኞ

ባልጽፈው ደስ ይለኝ ነበር። ስንታየሁ፣ የቀበሌው የልማት ሠራተኛ፣ ዛሬ ነገረኝ። አይረባም ያልሁት ቁጥቋጦ ዋንዛና ብሳና ነው። ሰው አልተከለውም፤ ወፍ የዘራው ነው። አያ ሙላት ስድስት ዓመት ሙሉ እሾህ እያጠሩ ከፍየል ጠብቀውታል።

«ታዲያ ለምን ዝም አልህ?»

«ባለሙያዋ አንቺ ነሽ።»

አሁን ለእሱም ያልነገርሁትን ልጻፍ። ትናንት ምንጣሮው ገና ሲጀመር አንድ ቅርንጫፍ እግሬ ሥር ወደቀ። ሰፊ ቅጠል። ኮሌጅ እያለሁ ስንት ጊዜ የሣልሁት የዋንዛ ቅጠል! ለየሁት። ግን የችግኙ መኪና ለረቡዕ ተቀጥሯል፤ ሪፖርትም ይጠበቅብኛል። በጫማዬ ገፋ አድርጌው አለፍሁ።

ረቡዕ

ግራቪሊያው ተተከለ። አያ ሙላትም ዶማ ይዘው መጡ። ሰኞ «ልጄ» ያሉኝ ሰው፣ «እንደምን አደሩ፤ የት ላይ ልቆፍርልዎ?» አሉኝ። አንቱታ እንዲህ ያቃጥላል? ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ከሰዓት የወረዳው ኃላፊዬ ደወለ። «ጎበዝ! ዓርብ ፍኖተ ሰላም፣ የዞኑ ስብሰባ ላይ ተሞክሮሽን ታቀርቢያለሽ።»

እሺ አልሁ። ለምን እሺ አልሁ?

ሐሙስ

አያ ሙላት ቤት ሄድሁ። ባለቤታቸው ቅቅል ድንች አቀረቡልኝ።

«ይቅር ይበሉኝ» አልሁ። «ዋንዛ መሆኑን ገና ሲጀመር አይቻለሁ። ማስቆም እችል ነበር።»

አንድ ድንች አንስተው ላጡ። ከዚያ፣ «እኔስ?» አሉ። «ፀረ ልማት እንዳልባል ፈርቼ በገዛ ገጀራዬ ቆረጥሁት። አበባው ለንቦቼ ሊደርስ ነበር።»

ሴትዮዋ ድንገት ቀና ብለው አዩአቸው። ለካ ለእሳቸውም አልነገሯቸውም።

ቆይተው አያ ሙላት ጠየቁኝ። «ያን መጥፎ አየር ያልሽውን የኔዎቹ አይመጥጡትም ነበር?»

«ይመጥጡት ነበር። ስድስት ዓመት ሙሉ።»

«ታዲያ ምን ልትመርጪልን መጣሽ?»

ጃንጥላዬን አነሳሁ። ብቻ እንደ ሰኞው «አንቺ» ብለው ጠየቁኝ። ያቺን «አንቺ» ይዤ ጭቃው ውስጥ ተመለስሁ።

ዓርብ

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ያዘጋጀሁትን ወረቀት አጥፌ የሆነውን ተናገርሁ። ምንጣሮውን፣ ቅርንጫፉን፣ ጫማዬን። የሚተከለውን ከመምረጣችን በፊት የበቀለውን እንይ አልሁ። የአያ ሙላትን ፍርሃት አላነሳሁም፤ እሱ የሳቸው ነው። ማንም አላጨበጨበም። ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ።

ኃላፊዬ እስከ ቡሬ ድረስ በመኪናው አደረሰኝ። ስወርድ፣ ፊቱን ወደ መንገዱ እንዳደረገ፣ «ለሳምንት የሚመነጠር ሌላ ኮረብታ አለ» አለ።

«መጀመሪያ ከገበሬዎቹ ጋር ዞሬ ልየው።»

«ሰኞ ቢሮ እንነጋገራለን» ብሎ በሩን ሳበው።

ያዛውሩኝ ይሆናል። አላውቅም። ቤት እንደገባሁ ለስንታየሁ ደወልሁ፤ እኔ ሳልደርስ አዲሱ ኮረብታ ላይ ማንም ገጀራ እንዳያነሳ ነገርሁት።

«በማን ትእዛዝ ልበላቸው?» አለኝ።

«በእኔ በል።»