ሁለተኛው ስሞታ ነው

ሰኞ፣ ጥቅምት 4

ጠዋት ለአባዬ ሻይ አፈላሁለት። "እንዴት አደርክ?" አልኩት። "ደህና።" እንደ ሁልጊዜው። ከዛ እጁን ወደ ሻዩ ሰደደና የስኳሩን ዕቃ ያዘ። "ይሄ ጠረጴዛ ጠቧል" ብሎ ሳቀ። ጠረጴዛው ያው ነው። እኔም ሳቅኩ። ለምን እንደሳቅኩ እንጃ።

ቢሮ እንደወትሮው። የመድን ድርጅቱ ዶሴ ሁሉ የሚያልፍበትን ትልቁን ኮምፒውተር፣ ማሽኑን፣ ስንጠብቅ መዋል... ከሰዓት በኋላ አንዷ የመስኮት ሠራተኛ ደወለች። ደንበኛ ፊቷ ቆሞ ስክሪኗ ድርቅ ብሎ ይቀራል፣ ከዛ የጻፈችው ይጠፋል።

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ኧረ ቆይቷል። ለምደነዋል፣ ደግመን እንጽፈዋለን።"

"ታዲያ እስከዛሬ ለምን አልነገራችሁንም?"

"አንዴ ነግረን ነበር እኮ።"

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 5

አባዬ የነጭ ሸሚዜን ቁልፍ ሰፋልኝ። በሰማያዊ ክር። ዕድሜውን ሙሉ ልብስ ሲሰፋ የኖረ ሰው... ለብሼው ሄድኩ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 7

ዛሬ የገጠመኝን ካልጻፍኩት አይወጣልኝም።

ማሽኑ ሲደናቀፍ በውስጡ ያለውን ሁሉ ፋይል ላይ ይገለብጣል። ደምፕ ነው የምንለው። እኔ ግን የሆዱን ዘረገፈ ማለት ይቀለኛል። የዘረገፈውን አንብበን ነው የት እንዳመመው የምናውቀው። ለዚህ ለስክሪኑ ችግር ግን ምንም ዝርግፍ የለም። ባዶ።

አጠገቤ የሚቀመጠው ቶሎቶሎ (ስም ያወጣሁለት እኔ ነኝ፣ የሦስት ልጆች አባት ሆኖም አልተወውም) "አጥፍተን እናስነሳው" አለ።

"ቶሎ ቶሎ ቤት፣ ግድግዳው ሰንበሌጥ።"

"ቢያንስ ግድግዳ አለው" አለኝ።

በየወሩ እንፈትሻለን እኮ። ለእያንዳንዱ የብልሽት ኮድ "ስትደናቀፍ ትዘረግፋለህ?" ብለን እንጠይቀዋለን። "አዎ" ይላል። እሰየው ብለን እናልፋለን። ዛሬ ግን የዚህን የስክሪኑን ችግር ኮድ ቅንብር ሙሉውን ጠየቅኩት። ትእዛዙ መጠየቅ ብቻ ነው፣ ምንም አይነካም።

ይዘርግፍ? አዎ።
ቢበዛ ስንቴ? አንዴ።
ስንቴ ዘረገፈ? አንዴ።
ስንቴ ታፈነ? ... አራት መቶ ምናምን።

ቶሎቶሎ እንኳን ወንበሩን አስጠጋ። አንዴ ተናግሯል። ከዛ ወዲህ ሲያመው ቆጥሮ ማለፍ ብቻ። "ዲስክ ጠባብ በነበረበት ዘመን የተደረገ ነው" አለ በኋላ። "ሁሌ ከዘረገፈ ቦታ ይሞላል ብለው ነው።"

ማሽኑ አልዋሸንም። አዎ ያለው እውነቱን ነው። ስንቴ ብሎ የሚጠይቀው ሰው ነው የጠፋው።

አርብ፣ ጥቅምት 8

ገደቡን ከፍ አደረግኩት። ከእንግዲህ በተደናቀፈ ቁጥር ይናገራል። አሁን መጠበቅ ነው።

ቤት ስገባ አባዬ ኮሪደሩ ላይ ግድግዳውን በእጁ እየዳሰሰ ይመጣል። "ግድግዳውን እያየሁት ነው፣ ቀለሙ ለቋል" አለኝ። ግድግዳ በመዳፍ ይታያል እንዴ?

የአባዬስ ገደብ ስንት ነው?

የኔስ... ባሌ ጥሎኝ የሄደ ጊዜ ለአባዬ አንዴ ነገርኩት። "ተለያየን" አልኩ። "አይዞሽ" አለ። ሻይ ጠጣን። ከዛ ወዲህ አላነሳነውም።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 9

ጠየቅኩት።

መስኮቱ ስር ተቀምጦ አሮጌ ኮቱን ያገላብጣል። ስፌቱን በጣቱ ያነበዋል።

"አባዬ፣ ሲያምህ ትናገራለህ?"

"እናገራለሁ እንጂ።"

"ስንቴ?"

"ስንቴ ማለት?"

"ስንቴ ትናገራለህ?"

አሰብ አደረገ። "አንዴ።"

"ከዛስ?"

"ከዛማ ተነገረ። ሁለተኛው ስሞታ ነው።"

አምና "ክሩ መርፌው ውስጥ አልገባ አለኝ" ብሎኝ ነበር። መነጽር ገዛሁለት። መረቀኝ። በቃ፣ ያቺው ናት አንዷ።

"መነጽሩስ?" አልኩት።

"ጥሩ መነጽር ነው።"

"ያሳይሃል?"

"ማስቀመጫው ያምራል።"

መሳቅ አቃተኝ። "እኔ ልጅ ሆኜ ሲያመኝ አንዴ ብቻ ነበር እንዴ የምናገረው?" አልኩት።

"አንቺማ ጉንፋን ይዞሽ ሰፈሩን ታስለቅሺው ነበር።" ከዛ ድምጹ ወረደ። "ደክሞሽ ትገቢያለሽ። ፊትሽ ደስ አይለውም፣ ድምጽሽ ይነግረኛል። በዚህ ላይ እኔ በር ላይ ቆሜ ዓይኔን፣ ዓይኔን ልበልሽ?"

"በለኝ።"

ሰዎች አባትሽ ልብስ ሰፊም ሆደ ሰፊም ነው ይሉኝ ነበር። ስኮራበት ኖሬ... አለቀስኩ። እንዳያየኝ ኩሽና ገብቼ ነው ያለቀስኩት። ከዛ ትዝ አለኝ። ፊቱ ቆሜ ባለቅስም አያየኝም።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12

ዓይን ሐኪም ጋ ሄድን። ሐኪሟ ቀጭን፣ ቆጣ የምትል ሴት ናት።

"አባቴ፣ ፊደሉን ያነቡልኛል?"

"ፊደሉ ምን ላይ ነው ያለው?"

"ከጀመረዎት ስንት ጊዜ ሆነ?"

"ትንሽ ነው።"

"ትንሽ ስንት ነው?"

ወደድኳት።

የዓይን ሞራ ነው፣ ሁለቱም ላይ። በግራው ደግሞ የዓይኑ ግፊት ነርቩን ጎድቶታል። "ግራው ዘግይቷል፣ ተስፋ ሰጥቼ አላታልላችሁም። ቀኙን ቀዶ ጥገና እናደርግለታለን። ያይ ይሆናል።" ይሆናል አለች። መንገዱን ሙሉ ቃሏ ጆሮዬ ላይ ነበር። አምና ደግሜ ብጠይቀው ኖሮስ?

አባዬ ክንዴን ይዞ ይሄዳል። መቼም ይዞኝ አያውቅም፣ ልጅ ሆኜ እኔ ነበርኩ የምይዘው። "ምነው ዝም አልሽ?" አለኝ። "አንዱ ይበቃል። ክር ስናስገባ እኮ ሌላኛውን ጨፍነን ነው።"

ሐሙስ፣ ጥቅምት 14

ማሽኑ ተናገረ። ረፋድ ላይ ሙሉ ዝርግፍ ጣለልን። ቶሎቶሎ ለመጀመሪያ ጊዜ በሕይወቱ ቀስ ብሎ አነበበ። እሱ ነው ያገኘው። አንድ ትንሽ ፕሮግራም ከተሰጠው ቦታ አልፎ የጎረቤቱን ቦታ ሲረግጥ ኖሯል። "ድንበር ገፊ" አለው። ነገ ይታረማል።

ለመስኮት ሠራተኛዋ ደወልኩላት። "ከእንግዲህ ሁለቴም ሦስቴም ንገሩን።"

"እሺ፣ ኋላ ግን እንዳትሰለቹን።"

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 19

በየጠዋቱ ስሞታ እያስለመድኩት ነው። ደህና ማለት ተከልክሏል።

"ዛሬስ?"

"ጉልበቴ።"

"ሌላ?"

"ወገቤ። አልጋው ይንጫጫል። ሻይሽ ቀጥኗል። ይበቃል?"

"ቀጥል።"

"ሻይሽ ድሮም ቀጭን ነበር።"

ለሥራ አረፈድኩ። ደስ አለኝ።

እሁድ፣ ጥቅምት 24

ቀዶ ጥገናው ከነገ ወዲያ ነው። ዛሬ ሳልጠይቀው ራሱ መጣ። አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። "ፈራሁ" አለኝ። ትንሽ ቆየና "አሁንም ፈራሁ" አለ።

ሁለቴ። እጁን ይዤው ተቀመጥን።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 26

ወጣ። ዓይኑ ተሸፍኗል። ነገ ይገለጣል። እህል አልቀመስኩም።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 27

ሐኪሟ ሽፋኑን አነሳችው። አባዬ ዓይኑን አርገበገበ። መጀመሪያ ያየው የሷን ጋዋን ነው።

"ይሄን እጅጌ ማነው የሰፋው? ተጣድፏል።"

ሐኪሟ ሳቀች። እኔ ወንበሩን ያዝኩ።

ከዛ ወደኔ ዞረ። ቆየ። በጣም ቆየ።

"ሸብተሻል" አለኝ።

"ትንሽ ነው።"

"ትንሽ ስንት ነው?" ሐኪሟን ቀና ብሎ አያት፣ ከሷ እንደተማረው። "ከስተሻልም። ለምን አልነገርሽኝም?"

"ደህና ነኝ አባዬ።" አፌ ራሱ ነው ያለው፣ እኔ አይደለሁም።

"ስንቴ?" አለኝ።

ከመኪናው ጀምሮ ነው መናገር የጀመርኩት። ስለ ባሌ። ሻንጣውን ሲያስር አብሬው ልብሱን ያጣጠፍኩት እኔ መሆኔን። ዛሬም ከሥራ ስመለስ ለሱ ቦታ ትቼ አልጋው ዳር ላይ እንደምተኛ። ቤት ስንደርስ ገና አልጨረስኩም። አባዬ "ያንን ነጭ ሸሚዝ አምጪው" አለኝ። መስኮቱ ስር ተቀምጦ ሰማያዊውን ክር አንድ በአንድ ፈታው። "እንዲህ አድርጌልሽ ለብሰሽው ሄድሽ?" አለ። ነጭ ክር አወጣ። ጫፉን በምላሱ አርጥቦ ግራውን ጨፈነ፣ ልማድ ነው። በሁለተኛው ሙከራ ገባለት።

"እሺ፣ ከዛስ?" አለኝ።

"ይሄን ነግሬሃለሁ እኮ።"

"ድገሚው።"