ቀይ እስኪሆን የጠበቅነው አፕል

የምሕረት አባት፣ ውዴ፣

ከተለየኸኝ ሁለት ዓመት ከሦስት ወር ሆነ። እስከ ዛሬ ያልጻፍኩልህ ረስቼህ አይደለም፤ አፍሬህ ነው። አልጋ ላይ ሳለህ ከራስህ ዛፍ አንድ አፕል ለምነኸኝ ከለከልኩህ። ከአራት ቀን በኋላ አረፍክ። ያቺ አንዲት አፕል እስካለፈው ቅዳሜ ድረስ ጉሮሮዬ ላይ ተሰንቅራ ነበር። አሁን ወርዳልኛለች፤ እንዴት እንደወረደች ልንገርህ።

መጀመሪያ የቤቱን ወሬ። ምሕረት ቦዲቲ ተመድባ ታስተምራለች። ቅዳሜ ቅዳሜ በሚኒባስ ትመጣና እንዳንተው ሁሉን ነገር ታርማለች፣ የእኔን አማርኛ ሳይቀር። የሚያፈሰው ጣሪያ ተቀይሯል። ትጣላው የነበረው የጎረቤት አውራ ዶሮ ዛሬም ጎመናችንን ይጭራል፤ ዕድሜ ሰጥቶታል። ኮትህ ካልጋው ራስጌ እንደተሰቀለ ነው። ምሕረት ለሚለብሰው ሰው እንስጠው ትላለች፣ እኔ እምቢ ብያለሁ።

ችግኙን ከጨንቻ በእርጥብ ጆንያ ጠቅልለህ ያመጣህ ቀን ትዝ ይልሃል? የዓይነቱ ስም የተጻፈባት ወረቀት አውቶብስ ላይ ወድቃ ጠፋች። አፕል አፕል ነው፣ ስም ምን ያደርግለታል ብለህ ተከልከው። ከአጥሩ ማዶ የወይዘሮ አማረች ዛፍ ቀይ ቀዩን ሲያፈራ የእኛው አረንጓዴ እንደሆነ ይቀራል። አንተም በዚያ በደረቅነትህ፣ ቀይ እስኪሆን ማንም እንዳይነካው ብለህ አዋጅ አወጣህ። የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ እያልክ ስንት ዓመት አስጠበቅከን። እኛ ስንጠብቅ ፍሬው ይረግፋል፣ የረገፈውን ፍየሎቹ ይበላሉ። ፍየሎቹ ታድለው ኖሯል።

ከሆስፒታል መልሰን ካመጣንህ በኋላ በመስኮቱ ዛፉን እያየህ አንድ ቁረጪልኝ አልከኝ። ገና ጥሬ ነው፣ ሆድህን ያምሃል፣ ደግሞስ አዋጁን ያወጣኸው ራስህ አይደለህ ብዬ መለስኩልህ። ፈገግ ብለህ ወደ ግድግዳው ዞርክ። በማግስቱ ጠዋት ሶዶ ገበያ ወርጄ ቀይ አፕል ገዛሁልህ። ልጬ ሳቀርብልህ አንዲት ስስ ቁራጭ ብቻ ቀምሰህ ጠግቤአለሁ አልከኝ። ቅር ብሎህ ነው የተውከው ብዬ ስንት ቀን እንዳለቀስኩ እኔና ትራሴ እናውቃለን።

ከዚያ ወዲያ ዛፉን ማየት አስጠላኝ። ዘንድሮ አስቆርጬ አቮካዶ ልተክልበት ወስኜ ነበር። መጥረቢያውም ተስሎ ነበር። በዚያው ሰሞን አንዲት የግብርና ባለሙያ የወይዘሮ አማረችን የታመመ እንሰት ልታይ መጣች። እኔ የረገፈውን ለፍየሎቹ ስለቅም ከአጥሩ በላይ አይታ ምን እያደረጉ ነው እናቴ አለችኝ። ገብታ አንዱን ፍሬ በመዳፏ ደግፋ ቀና ብታደርገው እንደ ዋዛ ከቅርንጫፉ ለቀቀ። ሰንጥቃ ዘሩን አሳየችኝ፤ ቡናማ ነው። ዘሩ ነጭ ከሆነ ጥሬ ነው፣ ቡናማ ከሆነ በስሏል አለች። ክሪስፒን የሚባል ዓይነት ነው፤ ብዙ ሰው አያውቀውም፤ ሲበስልም አረንጓዴ ነው፣ ቢጠብቁት ቢጠብቁት ቢጫ ቢል እንጂ ቀይ አይሆንም አለችኝ። ቀመስኩት። ጣፋጭ ነው፣ ኮምጠጥ ይላል፣ ውሃው በአገጭ ይወርዳል።

ቅዳሜ ስለነበር አብራኝ የነበረችው ምሕረት በደስታ ስትዘል እኔ እዚያው ሣሩ ላይ ቁጭ አልኩ። ለካ የከለከልኩህ የበሰለውን ነው። ሸክሜ እጥፍ ሆነብኝ።

ለማንኛውም ዛፉ ተረፈ፤ ፍሬውንም ለቀምን። ገለባ ላይ ደርድሬው ይኸው እስካሁን አልተበላሸም። ምሕረት በስሱ ቆራርጣ በሚያቃጥል የበርበሬ ዳጣ ታጠቅሰዋለች። መጀመሪያ ሳቅሁባት፣ አሁን ግን እኔም ያለ ዳጣ አልበላውም። ለጸሎት የሚሰበሰቡትም ሴቶች ሳህኑን ባዶ አድርገው ጥሬ አፕል እንዲህ ይጣፍጣል እንዴ ብለው ተደነቁ። ለሁሉም ዘሩን እያሳየሁ አስተማሪ ሆኜልሃለሁ።

ቅዳሜ ዕለት አንድ ዘንቢል ሞልቼ በቤተ ክርስቲያን አብረውህ ያገለግሉ ለነበሩት ለጋሽ ዳና ወሰድኩ። ካንተ ቀብር ወዲህ ቤታችን ረግጠው አያውቁም፤ እኔም ቅር ብሎኝ ነበር። አፕሉን ሲያዩ እጃቸውን ሰበሰቡ። የለም ይብሉት፣ እንዲህ አረንጓዴ ሆኖ ነው የሚበስለው ብዬ አንዱን ሰንጥቄ ዘሩን አሳየኋቸው። ዘሩን በጣታቸው ጫፍ ነኩት።

«ገበያ የሄድሽ ቀን ልጠይቀው መጥቼ ከዛፉ ቆርጬ የሰጠሁት እኔ ነኝ» አሉኝ። «በጥሬ አፕል ወንድሜን ገደልኩት ብዬ ይኸው እስከ ዛሬ እናንተን ማየት ፈርቼ...»

እኔም ሳለቅስ ሳቄ መጣ። በሽታህ የጉበት እንደነበር፣ አፕሉ ምንም እንዳላደረገህ ነገርኳቸው። እሳቸውም ሁሉን ነገሩኝ። ሙሉውን በልተህ አገጭህን በእጅጌህ እንደጠረግክ፣ እንዳትቆጣኝ አትንገሯት ብለህ እንዳስማልካቸው፣ ዘሩን ደግሞ ሲሻለኝ እተክለዋለሁ ብለህ ኮትህ ኪስ ውስጥ እንደከተትክ። አዋጁን አውጥተህ አዋጁን አፈረስክ፣ አንተ ሌባ! እንዲህ ደስ ያለኝ ቀን የለም። ጋሽ ዳናም ትናንት ከስንት ጊዜ በኋላ ቤታችን መጥተው ምሳ በሉ።

ከእሳቸው ቤት ስመለስ ነጠላዬን እንኳ ሳላወልቅ ኮትህን አወረድኩ። በደረት ኪሱ ስፌት ውስጥ አምስት ዘር አገኘሁ፤ አምስቱም ቡናማ። ባለሙያዋ ከዘር የሚበቅል አፕል እናቱን አይመስልም፣ ከእናቱ ቅርንጫፍ ተወስዶ መዳቀል አለበት ብላኛለች። አይምሰል፣ ግድ የለኝም። በጣሳ አፈር ሞልቼ ተክያቸው ከመስኮትህ ሥር አስቀምጫቸዋለሁ። ቢበቅሉም ባይበቅሉም፣ በሕይወት እስካለሁ ድረስ በየዓመቱ የመጀመሪያውን ፍሬ አረንጓዴ እንደሆነ ቆርጬ፣ ከጋሽ ዳና ጋር ተካፍዬ አስብሃለሁ። ኮቱን ግን ለሰው ልሰጠው ነው፤ ብርዱ ሳይገባ የሚለብሰው ይልበሰው።

ያን ቀን ጠግቤአለሁ ስትለኝ፣ ለካ እውነትህን ነበር።

የምሕረት እናት