እስከ ሰባት ቤት

ሐምሌ 14

የልጄ የሳሌም የሦስተኛ ክፍል ሳይንስ ደብተር ግማሹ ባዶ ነው። ከሚጣል እኔ ልጻፍበት... ዝናቡ ዛሬም አላባራም። ከፋብሪካ ስንመለስ ሰርቪሱ ጭቃ ይዞት ወርደን ገፋን። ልብስ ሰፊ ሆኜ ተቀጥሬ መኪና ገፊ ሆኜ አረፍኩት። የሳሌምን ካልሲ ከሰል ላይ ሳደርቅ አንዱን አቃጠልኩ። ሳቀችብኝ።

እሱባለው ባጃጁን አቁሞ ሲገባ ፊቱ ልክ አልነበረም። እራት ላይ በጣቱ ይቆጥራል። ምን ትቆጥራለህ? ጣቱን አጥፎ፣ “ሰርኬ፣ የእናትሽ እናት ስማቸው ማን ነበር?”

“ኩብራ። የአልዩ አምባዋ። ረሳህ እንዴ?”

አልረሳም። ልንጋባ ስንል ሽማግሌዎቹ ዝምድና እንዳይኖረን ሰባት ቤት ቆጥረው የለ? ኩብራ ላይ ሲደርሱ “ይቺማ ከእኛ ትርቃለች፣ ዝምድናም አይኖርም፣ ይጋቡ” ብለው ሳቁ። እሱም ስቆ ነበር። ዛሬ ግን ሳይበላ ተኛ። ምን አስቦ ነው?

ሐምሌ 22

ገባኝ። ባጃጁ ውስጥ ቀኑን ሙሉ የሚሰማው ስብከት ነው። አባ ቃለ አብ የሚባል ሰው አለ፤ ከአንኮበር በታች ገደሉ አፋፍ ላይ በቆርቆሮ አጥሮ ሰው ሰብስቧል። ጳጉሜን 5 ፀሐይ ስትጠልቅ ጌታ ይመጣል ይላል። እንቁጣጣሽ የሚባል ነገር የለም። የሚድኑት ምርጦቹ ብቻ። ምርጥ ማለት ደግሞ ሰባት ቤት ሲቆጠር ክርስቲያን ያልሆነ አንድም የሌለበት።

ለጋብቻ የምንቆጥረውን ለመንግሥተ ሰማያት አደረጉት?

“እኔስ?” አልኩት።

“ጠይቄልሽ ነበር። አይሆንም አሉ።” ዓይኑ እንባ አቀረረ።

መጀመሪያ ሳቄ መጣ። ከዚያ ሳሌምስ አልኩ። የኩብራ የልጅ ልጅ ልጅ አይደለች?

“ልጅ በአባቷ ነው የምትቆጠረው።”

ሳቄ እዚያው ቀረ።

ነሐሴ 4

ፍልሰታ ነው። ቅዳሴ አልሄድም አለ፤ ካህናቱም ተቀላቅለዋል ይላል። ባጃጁን ለእነ አባ ቃለ አብ ሰጥቷቸዋል። የነፍስ አባታችን መምሬ ዘርአ ዳዊት በዚያ ጭቃ ቤት ድረስ መጡ።

“ልጄ፣ ያቺን ቀን መላእክትም አያውቋትም ተብሏል። ያንተ ሰውዬ ከመላእክት በለጠ?”

“ለኖኅ ተነግሮት የለም አባ? የዳነው ስምንት ነፍስ ብቻ ነው። ብዙ ሰው ይስቅበት ነበር።”

“እሺ፣ የጌታን ሐረግ ቁጠርልኝ። ማቴዎስ ምዕራፍ አንድ። ሩት ሞዓባዊት አይደለችም? ረዓብስ የኢያሪኮ ሴት አይደለችም? በእናንተ አቆጣጠር እኮ ክርስቶስ ራሱ በር ላይ ሊቀር ነው!”

በክርክሩ መምሬ ረቱ። እሱባለው ግን ንቅንቅ አላለም። ከዘራቸውን አቀብሎ፣ እጃቸውን ይዞ ጭቃውን አሻግሮ ሸኛቸው። ተመልሶ “ደግ ሰው ናቸው፣ ያሳዝኑኛል” አለኝ። እኔንም እንዲሁ እያየ።

ነሐሴ 16

ጾሙ ተፈታ። ለፍስክ ሥጋ ገዝቼ ገባሁ። በሩ ክፍት ነው። ሳሌም የለችም። የዝናብ ቦቲዋ የለም። ጃኬቷ ግን ሚስማሩ ላይ ተሰቅሏል... በዚህ ብርድ ጃኬት የሚረሳ ምን ዓይነት አባት ነው?

ጠረጴዛው ላይ በእሱ እጅ ጽሑፍ፦ “አትከተይን። እንጸልይልሻለን።”

ሥጋው እስካሁን በፌስታሉ ነው።

ነሐሴ 19

ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩ። አባቷ ጋ ናት፣ በሽማግሌ ጨርሱት አሉኝ። ሽማግሌ ላክሁ። ከበር መለሷቸው።

ነሐሴ 20

አልጋዋ ላይ ተኛሁ። ታጥፌም አልበቃኝ።

ነሐሴ 22

ሄድኩ። እስከ አንኮበር በሚኒባስ፣ ከዚያ በእግር። ጉሙ የራስን እጅ አያሳይም። በሩ ላይ ሁለት ሴቶች ቆመዋል። “ሰባት ቤትሽን ቁጠሪ” አሉኝ። ኩብራን አልዘለልኳትም። ለምን እዘላታለሁ? አላስገቡኝም፤ እሱባለውን ጠርተው አወጡልኝ።

ከስቷል። ጃኬቷን ስሰጠው አልተቀበለኝም፤ ከውጭ ዕቃ አይገባም።

“ትስላለች?”

“ትንሽ።”

“ትንሽ ማለት ስንት ነው?”

ከዚያ ነገረኝ። ከጳጉሜን 1 እስከ 5 እህል ውኃ አይቀመስም። ሕፃናትም? ሁሉም። አምስት ቀን! የዘጠኝ ዓመት ልጅ፣ እያሳላት፣ ያለ ውኃ...

“ልጄን ልትገድላት ነው!”

“የእኔም ልጅ ናት ሰርኬ። እንድትተርፍልኝ ብዬ እኮ ነው።”

ያለቅሳል። የሚያሳብደኝ ይኼ ነው። ክፉ ቢሆን ጠልቼው እገላገል ነበር።

ነሐሴ 26

ደነባ ደርሼ መጣሁ። አክስቱ እማማ እናናየሁ ናቸው ያሳደጉት፤ እሳቸውን ቢሰማ ብዬ። ባቄላ እየፈለፈሉ ሰሙኝ። ሲጨርሱ እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉ።

“ሰባት ቤት ነው የሚለው?” አሉ። “እኔ ልቁጠርለታ! እሱባለው፣ አባቱ ጌታሰው፣ የጌታሰው አባት ማኅደረማርያም፣ የማኅደረማርያም አባት ዓብዱራህማን...”

“ወልደ ሚካኤል አይደሉም እንዴ?”

“እሱ የክርስትና ስሙ ነው። ከአልዩ አምባ በኩል ካለው ቆላ ጥጥ ጭኖ መጥቶ አያቴን ወዶ ቀረ። አባቱ ዓወል ይባላል። ባንቺ ሠርግ ጊዜ ሽማግሌዎቹ ወልደ ሚካኤል ብለው አለፉት፤ ማን ምን አለ? ያኔ ማን እንዲህ ያለ ነገር ይጠይቅ ነበር!”

ሚኒባስ ውስጥ ስሞቹን በጣቴ እየደጋገምኩ መጣሁ። ደስ ብሎኝ ነው? በገዛ ቆጠራቸው እሱም አይገባም። እሱ ካልገባ ሳሌምም አትገባም።

ነሐሴ 28

መምሬን አማከርኩ። ደስ የሚላቸው መስሎኝ ነበር።

“አትንገሪው” አሉ። “በእነሱ ሚዛን ከመዘንሽው ሚዛኑን ልክ ነው ማለትሽ ነው። እሱ ደግሞ ሚዛኑን አይጥልም፣ ራሱን ነው የሚጥል።”

“ልጄስ አባ? ውኃስ?”

መስቀላቸውን አሳልመው ሸኙኝ። አልፈረድኩባቸውም።

ነሐሴ 30

ነገ ውኃ ይከለክሏታል። መምሬ ይቅር ይበሉኝ።

ጳጉሜን 1

ነገርኩት። አጥሩ ሥር፣ በካፊያ። ዓብዱራህማን አልኩ። ዓወል አልኩ። እማማ እናናየሁ ነገሩኝ አልኩ። ውሸት ነው አላለም፤ አክስቱ እንደማይዋሹ ያውቃል። ጭቃው ላይ ቁጭ አለ። በጣቱ እንደገና ቆጠረ። አንድ፣ ሁለት... ሦስተኛው ላይ ቆመ።

ቆጣ ቢል፣ ቢመታኝ እንኳ ይሻለኝ ነበር። ተነሥቶ “አመሰግናለሁ ሰርኬ” አለና ገባ።

ለምንድን ነው ያመሰገነኝ? ዝም ሊል ይሆን? ዝም ካለ ማንም አያውቅም...

ጳጉሜን 2

ምንም። ሥራ ቦታ መርፌ ጣቴን ወጋኝ። አለቃዬ ሂጂ አለችኝ። የት ልሂድ?

ጳጉሜን 3

ሩፋኤል። ዝናቡ ዛሬ ጠበል ነውና የሰፈሩ ልጆች ራቁታቸውን እየዘለሉ ይጮኻሉ። ጩኸታቸውን ላለመስማት በሩን ዘጋሁ።

ተንኳኳ። እሱባለው ነው። ሳሌምን አዝሏታል። ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል። ከጀርባው ስትወርድ ወደ እኔ አልመጣችም፤ ደጃፉ ላይ ቆማ አንገቷን ቀና አድርጋ አፏን ለዝናቡ ከፈተች። እንደዚያ ሆና ጠጣች፣ ጠጣች። እኔም አጠገቧ ቆሜ በሰበስኩ።

ለአባ ቃለ አብ ራሱ ነው የነገረው። “ዝም ማለት እችል ነበር። ግን ወደ ጌታ በውሸት አይገባም” አለኝ። ሁለቱንም አስወጧቸው።

“ና ግባ።”

“እሷን ያዢ። አንቺ ሳታውቂ ነው የተወለድሽ። እኔ ግን ራሴ ያልጠራሁ ሆኜ ይኼ ይገባል፣ ያቺ አትገባም ስል ነበር።”

እጅጌውን ያዝኩት። ቀስ አድርጎ አስለቀቀኝና ሄደ። በዚያ ዝናብ። ልከተለው እንዳልል የልጄ ሰውነት ይነዳል።

ጳጉሜን 5

ትኩሳቷ ወርዷል። ሳሉ አለ። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ደጅ ወጥቼ ወደ አንኮበር አቅጣጫ አየሁ። እውነት ቢሆንስ? እዚህ ብቻዬን ማንም አያየኝም፣ ልጻፈው፦ ፈራሁ። ኩብራን ይዤ እቀርባለሁ አልኩ፤ እሷን ካልፈለገ እኔንም አይፈልገኝ። ጠለቀች። ጎረቤት ችቦ አበራ።

መስከረም 2

እንቁጣጣሽ መጣ። ሳሌም አበባ ሥላ ለሰፈሩ አደለች፤ አንዱን ለአባዬ ብላ አስቀመጠች። ይዤላት ሄድኩ።

ውስጥ ገና ይዘምራሉ። አንድም ሰው አልወጣም! እሱባለው ከአጥሩ ውጭ፣ ቆርቆሮውን ተደግፎ ተቀምጧል። አባ ቃለ አብ ቀኑ ለምን እንዳለፈ ነግሯቸዋል፤ የተቀላቀለ ሰው በመካከላቸው ስለገባ ቀኑ ተገፋ። ደብቆ የገባ ሰው።

“በእኔ ነው ሰርኬ። ያንን ሁሉ ሕዝብ ያስቀረሁት እኔ ነኝ።”

“ቀኑ ውሸት ነው እሱባለው! ፀሐይዋን አላየሃትም?”

“እኔ ላይ ነው የወጣችው።”

ሥዕሉን ጉልበቱ ላይ አስቀመጥኩለት። ነፋሱ ሊወስደው ሲል በእጁ ያዘው። ይኼን ብቻ።

ለሰውዬው ሰበቡን ያቀበልኩት እኔው ነኝ። ባልነግረው ልጄ ትሞት ነበር። ነገርኩት፣ እሱ ሞተ። መምሬ፣ ሚዛኑን ያሉኝ ይኼንን ነው...

መስከረም 11

ትምህርት ተከፍቷል፤ ሳሌም አራተኛ ክፍል። ሳይንስ ደብተሯን ለምን ወሰድሽብኝ ብላ ተቆጣች። “አባዬ ያልተመረጠው በማን ነው?” አለችኝ። ልዋሻት አሰብኩ፣ ተውኩት። ዓብዱራህማንን ነገርኳት፤ ጥጥ ጭኖ መጥቶ፣ አንዲት ሴት ወዶ እንደቀረ። “ታዲያ ጥሩ ሰው ነው” አለች። ሰባት ቤት አስተምሪኝ አለች። እማማ እናናየሁ የነገሩኝን ያህል አስተማርኳት።

ዛሬ ይዣት ሄድኩ። እዚያው ነው። ጢሙ አድጓል። የአካባቢው ሰዎች ቂጣ ይጥሉለታል መሰለኝ። አላቀፋትም፤ አትንኪኝ ብሎ እጁን ወደ ኋላ ደበቀ። ሳሌም ፊቱ ተቀምጣ ከአባቷ ጀምራ በጣቷ መቁጠር ጀመረች።

“ሳሌም። አባቴ እሱባለው። ጌታሰው። ማኅደረማርያም። ዓብዱራህማን።” ቆመች። ወደ እኔ ዞረች። “እማ፣ ቀጥሎ ማን ነበር?”

ልመልስላት አፌን ከፈትኩ። እሱ ቀደመኝ። መሬት መሬት እያየ፣ በዘጋ ድምፅ፣

“ዓወል።”

“ዓወል” ብላ አምስተኛ ጣቷን አጠፈች። “ከዚያስ?”

አላውቅም በሚል ራሱን ነቀነቀ። እኔም አላውቅም።

ና እንሂድ አልኩት። አልመጣም። መኪና እንዳያመልጠን ተነሣን። ቅዳሜ ደነባ ሄጄ እማማ እናናየሁን እጠይቃለሁ፣ እሳቸው ካላወቁ አልዩ አምባ ወርጄ እጠይቃለሁ። ከዚያ ይዘን እንመለሳለን። ገና ሁለት ቤት ይቀረናል።