መምህር ሆሴዕ ሹጉጤና ያልለየላቸው የወንዝ ነገር

መምህር ሆሴዕ ሹጉጤ ከአባታቸው ከአቶ ሹጉጤ ላምቦሬና ከእናታቸው ከወይዘሮ ገነቴ ኤርጊቾ በነሐሴ ወር 1948 ዓ.ም. ተወለዱ። የትውልድ ቦታቸውን ግን በአንድ ቃል መናገር ያስቸግራል። የወላጆቻቸው ቤት ከቦኖሻ ወረድ ብሎ ወንዝ ዳር ነበር፤ በዚያ ክረምት ወንዙ ሞልቶ እናታቸው ዳገት ላይ ዘመድ ቤት ተጠግተው ስለወለዷቸው፣ የላዩም የታቹም ሰው «የእኛ ልጅ» ሲላቸው ኖሯል።

የአንደኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በቦኖሻ፣ የሁለተኛ ደረጃውን በሆሳዕና አጠናቀው፣ በ1970 ዓ.ም. በታሪክ መምህርነት በዲፕሎማ ተመረቁ። መጀመሪያ በፎንቆ፣ በኋላም በሆሳዕና እስከ ጡረታቸው አስተማሩ። በ1975 ዓ.ም. ከወይዘሮ ማራኪ ዳንኤቦ ጋር በጋብቻ ተጣምረው ሮዳስንና አቢጋኤልን አፍርተዋል።

ተማሪዎቻቸው ከሁሉ አብልጠው የሚያነሱት ስለ ጥንታዊ ሥልጣኔዎች የሚሰጡትን ትምህርት ነው። ዓባይ ሞልቶ ሲመለስ የሚተወው ደለል ግብፅን እንዴት እንዳበላ፣ በጤግሮስና በኤፍራጥስ መካከል ሰዎች ቦይ ለመቆፈር ተሰባስበው እንዴት ከተማ እንደመሠረቱ ሲያስረዱ፣ ደወል ቢደወል እንኳ ከመቀመጫው የሚነሳ አልነበረም።

በ1998 ዓ.ም. ክረምት የአገራቸው ወንዝ ከልክ በላይ ሞላ። ውሃው የታናሽ ወንድማቸውን የአቶ ዮሴፍን ቤትና ከብቶች ወሰደ፤ ቀደም ሲል እርሻው ውስጥ ያረፉትን የወይዘሮ ገነቴን መቃብርም በደለል ደፈነው። መምህር ሆሴዕ ከሆሳዕና ወርደው ቦታውን ቢፈልጉ ቢፈልጉ አጡት። ወንድማቸውን ዳገት ላይ እንዲወጡ ለመኗቸው፤ አቶ ዮሴፍ ግን አሻፈረኝ አሉ። በዓመቱ በዚያው ደለል ላይ የተዘራው በቆሎ ሰው የሚሰውር ሆነ። አቶ ዮሴፍ እሸቱን በጆንያ ላኩላቸው። ተቀቅሎ ሲቀርብ የመምህሩ እጅ አልዘረጋ አለ፤ ያበቀለው አፈር እናታቸውን የሸፈነው መሆኑን ያውቁ ነበርና። ወይዘሮ ማራኪ ግን «የሮዳስ አባት፣ እናትህ አሁንም እያበላችህ ነው፤ ብላ» አሏቸው። እሳቸውም በሉ። የጎረሱት ደስታ ይሁን ሐዘን መለየት እንዳቃታቸው ለልጆቻቸው ደጋግመው ተናግረዋል።

ከዚያ ወዲህ ትምህርቱ ራሱ ግራ አጋባቸው። አንድ ዓመት ወንዝ እናት ነው ይላሉ፤ በሌላው ዓመት ሰው ወንዝ ዳር የሰፈረው ወድዶ ሳይሆን ጨንቆት ነው ይላሉ። ተማሪዎች ለፈተና የትኛውን እንደሚጽፉ ሲጠይቋቸው «ሁለቱንም ጻፉ፤ እኔም አልለየልኝም» ይሏቸው ነበር።

በ2008 ዓ.ም. ጡረታ ሲወጡ፣ ሌላውን ውጡ ሲሉ የነበሩት ሰው ራሳቸው ወንዝ ዳር ወርደው ቤት ሠሩ። ለምን እንደሆነ ወይዘሮ ማራኪም በቅጡ አልገባቸውም፤ ተከትለዋቸው ግን ወረዱ። መምህሩ የላዩንና የታቹን ሰው አስማምተው የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ አስቆፈሩ። ቦዩ ሁለት ክረምት አገልግሎ በሦስተኛው ተደረመሰ፤ በማግስቱ አካፋ ይዘው የወጡት ግን ከሁለቱም ወገን ነበሩ።

በኩላሊት ሕመም በሆሳዕና ሲታከሙ ቆይተው ጥቅምት 9 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በስልሳ ስምንት ዓመታቸው አርፈዋል። በሕመማቸው ወቅት ለሮዳስ ውሃ የማይደርስበት ዳገት ላይ እንዲቀብሯቸው፣ ለአቢጋኤል ደግሞ ከእናታቸው ጎን እንዲያሳርፏቸው ነግረዋቸው ኖሯል። እህትማማቾቹ በዚህ ሊቀያየሙ ደረሱ፤ ደግሞም የወይዘሮ ገነቴን መቃብር የሚያውቅ የለም። በመጨረሻ አቶ ዮሴፍ «የእማዬ ጎን የቱ እንደሆነ ማን ያውቃል? እርሻው ሁሉ ጎኗ ነው» አሉ። ሮዳስ እስካሁን ልቧ ባይቀበለውም፣ ዛሬ አስከሬናቸውን ይዘን ወደዚያው እንወርዳለን።

ከኋላቸው ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ ወንድማቸውንና ብዙ ተማሪዎቻቸውን ትተዋል። ውሃ የሸፈነውን ሁሉ የሚያውቅ ጌታ እናትና ልጅን በትንሣኤው ቀን አንድ ላይ ያንሣልን፤ የቀረነውንም ያጽናናን።